ስንት ሌሊት?

ኅዳር 8 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኮሶዬ

ብርዱ ዛሬ አጥንት ይሰብራል። ከገደሉ አፍ ጉሙ አልተነሣም፤ ጭላዳዎቹ እንኳ ተጠጋግተው ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ታናሿ ነርሳችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በእጇ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የመጣ ደብዳቤ ይዛለች። የትምህርት ዕድል ነው፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ነርስ ለጤና መኮንንነት መወዳደር ይችላል ይላል።

«ሲስተር፣ በዚህ ወር ሁለት ዓመት ሞላኝ። ልወዳደር ወይስ ትንሽ ልቆይ?»

እኔም ከነርስነት ተነሥቼ ነው ጤና መኮንን የሆንሁት። በ1998 ዓ.ም. መንግሥት 5,000 ጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማፍራት በየሆስፒታሉ ሥልጠና ሲከፍት ከገቡት ነኝ። ማዕረጉ ተቀይሮም ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሲስተር ይለኛል፤ ደስ ይለኛል። ለልጅቷ መልስ ሳልሰጣት በሽተኛ ገባ። ጥያቄዋ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ኮታ በየዓመቱ አይመጣም። በዲፕሎማ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ ለእናቷ ልካ ምን እንደሚተርፋት አውቃለሁ። «ቆዪ» ማለት ለሚናገረው ሰው ቀላል ነው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ የተመለሱ አንድ አባት ሳል ጠንቶባቸው መጡ። ልጅቷ የኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካችና ፊቷ ተለዋወጠ፤ 82 ይላል። «አምቡላንስ ልጥራ?» አለችኝ። አባታችን ግን ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ ስለ ገብስ አጨዳው ያወጉኛል። እጃቸውን ያዝሁት፤ በረዶ ነው። በሁለት መዳፎቼ መሐል አድርጌ ቆየሁ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ጠቀለልሁበት፤ ትኩስ ሻይም አስመጣሁላቸው። በብርድ ደም የሸሸበትን ጣት መሣሪያው በትክክል አያነበውም። ጣታቸው ሲሞቅ 94 አለ።

ለልጅቷ ግን አንድ ነገር ጨመርሁላት፤ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብላ ዝቅ ያለ ቁጥር እንዳትንቅ። ከእኛ ወደ ላይ፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አማካይ የደም ኦክስጅናቸው 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ 82ቱ የእውነት 82 ቢሆን ኖሮ ድንጋጤዋ ልክ ነበር። ልዩነቱን የነገረን የአባታችን እጅ ነው።

ኅዳር 21

አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ከሜሪላንድ ደወለች። እሷም እዚያ ይኸው ጥያቄ ይዟታል፤ ነርስ ፕራክቲሽነር ልትሆን ትፈልጋለች። መርምሮ፣ በሽታውን ለይቶ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ ማለት ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የአልጋ ዳር ልምድ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ አንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይላል። የነርስነት ምሁሯ ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ አንዲት ነርስ ሥራውን በብቃት የምትይዘው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ስትቆይ ነው ማለቷን ጓደኛዬ አስታወሰችኝ። ግን ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እዚህ አሥራ አምስት ዓመት የሐኪም ትእዛዝ ስትፈጽም የኖረች ነርስ አውቃለሁ። ራሷ ወስኚ ስትባል እጇ ይንቀጠቀጣል።» ይህ እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። መቆየት ብቻውን አያበስልም።

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ነው፤ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም፣ ሐኪም ላላገኙ ሕፃናት ብለው ጀመሩት። እዚህ ጎንደር ደግሞ ከዚያ 11 ዓመት ቀድሞ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። ወባ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ገጠር ይወርዱ ነበር፤ ልማዱ ኮሌጁ ባደገበት ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ አለ። ኮሶዬም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ በኮሌጁ ያገለገሉት ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን ከልጃቸው ጋር ሆነው የመንደሯን ጤናና ኑሮ ከ1963 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተከታተለ መጽሐፍ ጽፈዋል። አርባ አራት ዓመት አንድ መንደር ማየት! ይህን ለልጅቷ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ሁለት ዓመቴን ረጅም መስሎኝ ነበር» አለች።

ታኅሣሥ 6፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። አዋላጇ ሌላ ወላድ ይዛ በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ወርዳለች፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ናት። ማታ የወለደችው እናት አልጋ ላይ ናት፤ አማቷ ገንፎ ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ልጅቷ የደም ግፊቱን በየሩብ ሰዓቱ እየለካች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዝግባዋለች፤ 110/70፣ 110/70። «ሁሉም ደህና ነው ሲስተር።»

ሴትዮዋ አዛጋች። ጥቂት ቆይታ ውኃ ለመነች፤ ደግማ አዛጋች። አማቷ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ፤ ማርያም ምራታለች» አሉ። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል። የልብ ምቷ 122። ጋቢውን ስገልጠው ጨርቁ በደም ርሷል፤ ደሙ በሥሯ አልፎ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል። ማኅፀኗ ከእጄ ሥር እንደ ሊጥ ለስልሷል።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ልጅቷ ካኑላ አስገባች፤ እጇ ፈጣን ነው። ኦክሲቶሲን ሰጠን፤ ሽንቷን በቱቦ አወጣን፤ ፊኛ ከሞላ ማኅፀን አይኮማተርምና። እኔ ሆዷን እያሸሁ ቆየሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። እንደ ድንጋይ ጠጠር ሲል ደሙ ቆመ። አምቡላንሱ ሲመለስ አዋላጇን ጨምረን፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ አንጠልጥለን ላክናት። ጠዋት ከጎንደር ተደወለ፤ ደህና ናት።

ታኅሣሥ 7

ልጅቷ አለቀሰች። ጥፋት አልሠራሽም አልኋት፤ ግፊቱን እንደተማረችው ለክታለች። ወጣት እናት ግፊቷ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰውነቷ እስከዚያ ይሸፍናል። የልብ ምቱ ይቀድማል፤ ጥሙና ማዛጋቱም አብረው ይመጣሉ።

ከዚያ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋት። ነርስ በሆንሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ሆስፒታል ዋርድ፣ አንዲት ሴት «እታለም፣ ውኃ» አለችኝ። ውኃውን ሰጥቼ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍሁ። አልነካኋትም። ስመለስ ረፍዶ ነበር። ውኃ የሚለምነኝን ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ እነካለሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ላይም ይጻፋል፤ እኔ ግን መጽሐፉን አንብቤው ነበር።

ማታ የተረኛ ሰሌዳዎቹን አውጥተን አብረን ቆጠርን። በሁለት ዓመት ውስጥ 118 ሌሊት ተረኛ ሆናለች። አልጋ ላይ በሽተኛ ተኝቶ ያደረችባቸው 39 ናቸው። የቀረው ጊዜዋ የክትባት ዘመቻ፣ ካርድ ክፍልና ሪፖርት ነው። እሱም ሥራ ነው፤ ግን የአልጋ ዳር ልምድ አይደለም። ሐሳቤን በግልጽ ነገርኋት፦ በሽተኛ በሞላበት ዋርድ፣ አጠገብሽ የምታርምሽ አንጋፋ እያለች፣ ሁለት ዓመት ይበቃል። በወረቀት ብቻ የሞላ ሁለት ዓመት አይበቃም። ጤና መኮንን ስትሆኚ ሌሊት ከበላይሽ የምትጠይቂው ሰው አይኖርም፤ ሁሉም የሚያየው አንቺን ነው።

«እንግዲያስ አልወዳደር?»

አይሆንም አልኋት። ዕድሉ ከሄደ ማን ይመልስላታል?

ታኅሣሥ 20

ደብዳቤዋን ፈረምሁ፤ ማኅተምም አስመታሁበት። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ «ሁለት ዓመት» ብዬ ጻፍሁ፤ ቅጹ ሌሊት የሚቆጠርበት ቦታ የለውም። ጠዋት በሚኒባስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወስዳ አስገብታዋለች። ትምህርቱ እስኪጀመር ወራት አሉ። ከአዋላጇ ጋር ተማክረን ወላድ ክፍል ከእሷ ጋር እንድታድር ተስማማን፤ ወደ ጎንደር የሚላክ ሰው ሲኖርም አብራ ወርዳ፣ እዚያ ምን እንዳደረጉለት አይታ ትመለሳለች።

የጥርን ሰሌዳ ልሠራ ስቀመጥ ቀድማኝ ስሟን በእርሳስ ጽፋበታለች፤ አሥራ ሁለት ሌሊት። በዛ ብዬ ሦስቱን ልሰርዝ እርሳሱን አነሣሁና ተውሁት። ዛሬ ማታም ገብታለች። ውጭው ውርጭ ነው፤ ጋቢዬን ላክሁላት።