በቡና አገር ደግሞ ምን በረዶ አለ?

እኛ የቦንጋ ልጆች ዝናብ ብርቃችን አይደለም። ከፋ ውስጥ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ለዚህም ይመስላል የጅማ በረራ "በአየር ጠባይ ምክንያት ዘግይቷል" ሲባል ከመሃላችን አንዱ "ኧረ ባካችሁ! ዝናብ አይተን የማናውቅ አደረጉን እኮ!" ማለቱ የማይቀረው። ዛሬ ግን ለፓይለቱ ጠበቃ ልንቆም ነው። ነገሩ ዝናብ ብቻ አይደለማ… በረዶም አለበት!

በቡና አገር ምን በረዶ አለ? እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ነው እንበል። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሦስት ሺህ ሜትር ሽቅብ ስንወጣ ዜሮ ገባን ማለት ነው። እዚያ ደመና ውስጥ ከዜሮ በታች ወርዶም ያልረጋ የውሃ ጠብታ አለ። ክንፍ ሲነካው ወዲያው በረዶ ሆኖ ይለጠፋል።

ክብደቱ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ የክንፉን ቅርፅ ማበላሸቱ ነው። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ በረዶ እንኳ ክንፉን አቅም ያሳጣዋል። ጉዱ የሚፈላው ደግሞ ለማረፍ ፍጥነት ሲቀነስ ነው፤ ንጹህ ክንፍ በሚሸከምበት ፍጥነት በረዶ የያዘው ይከዳል። ጭራው ላይ የተጋገረ በረዶ ደግሞ ፍላፕ ሲዘረጋ አፍንጫውን ቁልቁል ሊደፋው ይችላል። ያኔ መሬት ቅርብ ነው፤ ማረሚያ ጊዜ የለም።

"ይሄ የብርድ አገር ጣጣ ነው" የሚል ካለ፣ እንደኛው ቡና አብቃይ የሆነችውን ብራዚልን ይይ። ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ ሳኦ ፓውሎ ሲቃረብ የነበረ ኤቲአር 72 ወድቆ 62 ሰዎች አልቀዋል። ረዳት አብራሪው "ብዙ በረዶ አለ" ማለቱን የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባ አስፍሯል።

"ታዲያ ዝቅ ብሎ መብረር ነዋ!" እውነት ነው፣ በእኛ አገር ዝቅ ሲባል በረዶው ብዙውን ጊዜ ይቀልጣል። ግን ከደመናው ሥር ተራራ አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች ይዛ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ትበር የነበረች ትዊን ኦተር በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጨች። አንድም ሰው አልተረፈም። ስብርባሪዋ የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። እሷን በረዶ አልጣላትም። ግን ነገሩ ገባችሁ አይደል? ከላይ በረዶ፣ ከታች ተራራ።

ጄቶች ከሞተር በሚመጣ ትኩስ አየር ክንፋቸውን ያሞቃሉ። ብዙዎቹ ባለ ፕሮፔለሮች በክንፋቸው ጠርዝ ላይ እየተነፋ በረዶውን የሚሰብር ጎማ አላቸው። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ግን ምንም የላቸውም። መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ አለመግባት፣ ከገቡም ቶሎ መመለስ።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ፓይለቱ "ዛሬ አይሆንም" ሲል አንነጫነጭ። ቦንጋ የሚጠብቁን እናቶች የቀዘቀዘውን ቡና ነገ ደግመው ያፈሉታል። ቡና ይደገማል፤ ልጅ አይደገምም።