ሳጥኑን አገኘነው፤ ከዚያስ?

ሰሞኑን የተደበቀ ሀብት ፍለጋ ወጥተን ነበር። አትሳቁብን! ወርቅ አይደለም። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ያገኘው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ጥቅልል ወረቀት አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ በሚለቀው የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያደርግ የነበረውን ማዛባት ባቆመ ማግስት፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ ባልዲ አስቀመጠና የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር። ሀብት እንግዲህ እንዲህ ነው!

እኛ ማለት ጋዜጠኝነት አብረን ተመርቀን አሁን እንግሊዝ አገር አንድ ክፍል የምንጋራ ሁለት ሴቶች ነን። ስልካችን እየመራ ኖርፎክ ገጠር ውስጥ፣ ሃውተን ኦን ዘ ሂል ወደሚባል ቦታ ወሰደን። በአውቶቡስ ሄደን፣ የቀረውን በእግር ጭቃ ለጭቃ። መንደሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ የተረፈው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሳጥኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ከአንድ አጥር ሥር አገኘነው። ፈረምን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ጨበጨብን። ልንመለስ ስንል ዝናቡ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የገባነው ለመጠለል ነው።

ግድግዳው ላይ የመጨረሻው ፍርድ ተሥሏል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሣለ እንደሆነ ይገመታል፤ በእንግሊዝ ካሉት ቀደምት የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ነው። ታሪኩን የነገሩን ቦታውን በበጎ ፈቃድ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሕንፃው ጣራ አልነበረውም፤ ሐረግ ውጦታል። ግሎሪያ ዴቪ የተባሉ ሴት በእግር ጉዞ ላይ ሳሉ አዩትና ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ባለቤታቸው ቦብ ዴቪ ሐረጉን ቆርጠው፣ ሰው አስተባብረው፣ ጣራ እንዲለብስ አደረጉ። ሥዕሉ የተገኘው ከዚያ በኋላ ልስኑ ሲነሣ ነው።

ሁለታችንም ዝም አልን።

«አንቺ፣ ያቺን ዜና ታስታውሻታለሽ?»

እንዴት ይረሳል! አገር ቤት ሥራ እንደጀመርን ስለ አንድ የገጠር ደብር ጽፈን ነበር። ጣራው ያፈስሳል፣ ብራናዎቹ እየራሱ ነው ተባለ። ለደብሩ አለቃ ደወልን። «ልጆቼ፣ መጥታችሁ እዩት» አሉን። «እንመጣለን አባታችን» አልን። «ዝናቡ ብራናዎቹን እያበላሸ ነው» ብለን ጻፍን፤ ዝናቡንም ብራናውንም አላየንም። ዜናው ወጣ፣ እኛም ረሳነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን ነበር።

ለፕላስቲክ ዕቃ ግን ይኸው ጭቃ አቡክተናል። ግሎሪያ ዴቪ ጋዜጠኛ አልነበሩም፤ ሄደው ያዩትን ነው የተናገሩት። ሙያችን ከዚህ የተለየ ምን ይጠይቃል?

የአለቃ ቁጥር እስካሁን ስልካችን ውስጥ አለ። ትናንት ደወልን። ራሳቸው አነሡ። ስማችንን ነገርናቸው፤ አልረሱንም። ጤናቸውን ጠይቀን ስናበቃ፣ ጣራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅን።

«አሁንም በስልክ?» አሉን።