አሮጌውን ምንጣፍ ልናቃጥለው ነበር



ባለፈው መስከረም ለመስጂዳችን አዲስ ምንጣፍ መጣልን፤ አልሐምዱሊላህ። አሮጌውን ጠቅልለን አጥሩ ሥር ጣልነው። መሃሉ ሳስቷል፣ ጫፉ ተተልትሏል፣ እርጥበት ሲነካው ይሸታል። ከመካከላችን አንዱ «እናቃጥለው» አለ። ሌላው «ለደረሶቹ እንስጣቸው፤ ከመሬቱ ይሻላቸዋል» አለ። ሰደቃ መሰለንና ተስማማን።

አንዲት እናታችን ይህን ሰምተው መጡ። ምንጣፉን ገለጥ አድርገው አዩትና «ልጆቼ፣ እናንተ ትተኙበታላችሁ?» አሉን። ዝም አልን። ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ነገር ለሰደቃ እንዳንመርጥ ቁርኣን እንደሚያስተምረን (አል-በቀራህ 267) ስንት ጊዜ ቀርተናል! መቅራትና መሥራት ለየቅል ሆኖብን ነው።

እሳቸው ግን ጣሉትም አላሉንም። «ባና ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ ረሳችሁ?» አሉ።

አገራችን ብርድ ነው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ሴቶቻችን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ባናና ዝተት ይሠራበታል። ያን ያህል የተደከመበት ነገር በአንድ ቀዳዳ አይጣልም። እናታችን እንደነገሩን፣ በልጅነታቸው የባናው መሃል ሲሳሳ ለሁለት ይቀደድና ደህናው ዳር ወደ መሃል ዞሮ ይሰፋል። ያም ሲያልቅ የመደብ ምንጣፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ የአህያ ጀርባ መደላድል።

ምንጣፉ ወቅፍ ነውና ኢማማችንን አስፈቀድን። ወንዝ ወስደን አጠብነው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። የሳሳውን ቆርጠን አወጣን። ደህናውን በሰው ልክ ከፍለን፣ ከሥሩ ጆንያ ደርበን፣ በጆንያ መርፌ ሰፋነው። እጃችን ተወጋ፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። የጥቅምት ውርጭ ሳይገባ 11 መኝታ ወጣው። ቁርጥራጩም የጫማ መጥረጊያ ሆኖ በር ላይ ተነጠፈ።

ያኔ የእናታችን ዓይሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ታሪክ ትዝ አለን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነበር። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሥዕሉን ጠሉት። ዓይሻ ጨርቁን አልጣሉትም፤ ቀደው መደገፊያ ትራስ ሠሩበት። ስህተቱ ታረመ፤ ጨርቁም አልባከነም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያረጀ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሞልቷል። የዘይቱ ጀሪካን አፉ ተቆርጦ የችግኝ ማፍያ ይሆናል። ያለቀ ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ አይመለስም፦ የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ አይቀዳበትም። ልጅ እንዳያነሳው ተበስቶ ይወገድ። ለጥቂት ብር ብለን ነፍስ አናስይዝ።

የተማርነው ይህን ነው፦ አሮጌ ዕቃ እንዳለ ሲሰጥ ሸክምን ማራገፍ ነው፤ ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ለሰው ተገቢ ሆኖ ሲሰጥ ግን ስጦታ ነው። ልዩነቱ ያለው ዕቃው ላይ ሳይሆን እኛ ባዋልንበት ድካም ላይ ነው።

ዛሬ ለፈጅር ደረሶቹን ልንቀሰቅስ ስንገባ እንደ ድሮው ተኮራምተው አናገኛቸውም። አንዳንዱማ አልነሳም ይለናል!

አላህ ከአባካኞች አያድርገን፤ የእናቶቻችንንም ዕድሜ ያርዝምልን። አሚን።