ያው ድንጋይ ነው?

ሲሲፈስን ያስተዋወቀኝ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነው፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ እግር። ከምሳ በኋላ ግማሹ ክፍል እያንቀላፋ ሳለ በጠመኔ ተራራ ሣለ፤ ጎኑ ላይ አንድ ክብ ለጠፈበትና «ይኼ ድንጋይ ነው፤ ገፊው ደግሞ የቆሮንቶስ ንጉሥ» አለን። ንጉሡ ሞትን ራሱን በሰንሰለት ያሰረ፣ አማልክቱን ያታለለ ብልጣብልጥ ነበር። ቅጣቱ ድንጋይ እየገፋ ዳገት መውጣት ሆነ። ጫፍ ሲደርስ ድንጋዩ ተንከባሎ ይወርዳል፤ እሱም ተከትሎት ወርዶ እንደገና ይገፋል። ማብቂያ የለውም። ከኋላ አንዱ «እንደ ሒሳብ የቤት ሥራ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ነቃ።

ያን ቀን ሲሲፈስ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እናቴ ጄሪካኗን አዝላ ከምንጭ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው ከደጃቸው ሆነው «አብሽሪ!» አሏት። ማታ ጄሪካኑ ባዶ ነው፤ ጠዋት እንደገና ምንጭ። በኩራዝ ብርሃን ከደብተሬ መሀል ወረቀት ገንጥዬ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ግጥም ጻፍኩ። እንዲህ ይጀምራል፦

ሲሲፈስ ወንድሜ፣ ድንጋይህን ተወው፤
ሐይቅ ዳር ተቀመጥ፣ ጥላው ለሁሉም ነው።

ቅዳሜ ግጥሜን በኪሴ ይዤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወረድኩ። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በተማሪነት የተቀመጡበት ነው። በዚያው አቅራቢያ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ቅኔን ዋድላ ተምረው የመጡ የኔታ ለምድ ከለበሱ ጥቂት ተማሪዎቻቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። ፊት ለፊታቸው ሐይቁ ተዘርግቷል፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ከየት አመጣኸው ይኼን ሰውዬ?»

«ከግሪክ ነው፣ የኔታ።»

«ድንጋዩን ካስጣልከው ግጥምህ በምን ይቆማል?»

መልስ አጣሁ። ቆየት ብለው «ለመሆኑ በየቀኑ የሚገፋው ያው ድንጋይ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ያው ነው።»

«እንግዲያው ቅኔ ቤት አልገባም!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቀልዱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል። ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ 8 ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ስንት ዳገት አለ! የዛሬውን ነገ ደግሞ ማምጣት ግን ነውር ነው፤ ቅኔ አይደገምም። ትናንት ጫፍ የደረሰው ልጅ ዛሬ ከግርጌ ይጀምራል። ድንጋዩ ግን አዲስ ነው።

ስነሣ የኔታ በመቋሚያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱኝ። «የዚህ ደጅ ባለቤትም ስሙ ከዚያው ከግሪክ የመጣ ነው፤ እስጢፋኖስ አክሊል ማለት ነው። እሱም ድንጋይ ደርሶታል፣ ተወግሯል። ያንተ ንጉሥ ዘውዱን አጥቶ ድንጋይ አገኘ፤ የኛው በድንጋዩ አክሊል አገኘ። ሰሙን ሰጥቼሃለሁ፤ ወርቁን ራስህ ፈልግ።»

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አልቤር ካሙ በ1942 እ.ኤ.አ. ስለ ሲሲፈስ ያሳተመውን ድርሰት አነበብኩ። ካሙን የሚማርከው ሰውዬው ድንጋዩን ሊያነሣ ባዶ እጁን ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ በመጨረሻም ደስተኛ አድርገን እንድናስበው ይጠይቀናል። እኔ ግን ያንን ቁልቁለት ሳነብ የታየችኝ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ ጠዋት ወደ ምንጭ የምትወርደው እናቴ ናት። ደስተኛ መሆኗን ጠይቄያት አላውቅም፤ ስትወርድ ግን ታንጎራጉር ነበር።

ግጥሙን ዛሬም አልጨረስኩትም። በየዓመቱ ጥር 1 ቀን፣ እስጢፋኖስ ሲነግሥ፣ አዲስ ወረቀት አወጣና ከመጀመሪያው መስመር እነሣለሁ። እስካሁን ያረምኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተወው» የሚለውን ሰርዤ የጎረቤታችንን «አብሽር» አስገብቻለሁ። ቤት አልመታልኝም።