እርስዎ ይሂዱ፣ እኛ እንጠብቃለን

የሊፍቱ በር ተከፈተ። ውስጥ ጋሼና ውሻዋ አሉ፤ ውጭ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ቆማለች። እናትየው ውሻዋን ስታይ ልጁን ወደ ጀርባዋ ሳብ አደረገችና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኛ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን» አለች። በሩ ተዘጋ።

ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር። ጄን ኤንድ ፊንች በሚገኘው በዚያ ረጅም ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ ሐበሾች ሁሉ ሰውየውን የሚጠሯቸው «ጋሼ» እያሉ ነው። ዕድሜያቸው ሰባን ሊደፍን ነው። ለብዙ ዓመት በቶሮንቶ ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚደረድሩ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ፎርም የሚሞሉ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው ሊፍት ተይዞ ይጠበቃል እንጂ፣ በእሱ የተነሣ ሰው ሊፍት አይቀርበትም። ከሳምንት በፊት ግን ውሻዋ ከሊፍቱ ስትወጣ እሳቸውን ጎትታ ልጁ ላይ ዘላለች። አልነከሰችም። ደስ ብሏት ይሁን ፈርታ እሳቸውም አላወቁም። ልጁ ወደቀ፣ ጮኸ፣ የያዘው ጭማቂም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እናትየው ያን ዕለት ያለችው «ምንም አይደል ጋሼ» ብቻ ነበር።

ውሻዋ መጀመሪያ የእሳቸው አልነበረችም። ሴት ልጃቸው በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከእንስሳት መጠለያ ያመጣቻት ናት። ልጅቷ ያወጣችላት ስም «ሜፕል» ነው። ጋሼ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቡቺ» ነው የሚሏት፤ አገር ቤት ቡችላ ሁሉ ቡቺ ነው። ከዚያ ልጅቷ ካልገሪ ሥራ አገኘች። «አባዬ፣ ለሁለት ወር ብቻ» አለች። ሁለቱ ወር ዓመት አለፈው፤ ቡቺም ሠላሳ ኪሎ ደረሰች።

ጋሼ ስለ ውሻ የሚያውቁት ያደጉበትን የደብረ ብርሃን ግቢ ነው። እዚያ ውሻ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሥራው መጮህ ነው፤ ደመወዙ ፍርፋሪ ነው። ቤት አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባ በድንጋይ ይባረራል። በቤተ መንግሥት ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው ሁሉም ይሰማል፤ ያ ግን የጃንሆይ ነገር ነው። በሰፈር ውስጥ ውሻን በገመድ ይዞ ማናፈስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰንሰለት ውሻን ከአንድ ቦታ ጋር ያስራል፤ ሁለት ፍጡር አብሮ እንዲሄድ የሚያደርግ ገመድ ጋሼ ያዩት ካናዳ ከመጡ በኋላ ነው።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። በልጅነታቸው የጎረቤት ውሻ ነክሷቸው፣ እብድ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሆዳቸው ላይ ለብዙ ቀን በተከታታይ መርፌ ተወግተዋል። ከዚያ በኋላ የማያውቁት ውሻ ሲመጣ እጃቸው ሳያስቡት ይጨበጣል። ስድሳ ዓመት አልፎትም ያ ልማድ አልለቀቃቸውም።

የቶሮንቶ ከተማ ደንብ ውሻ ፈቃድ እንዲኖረውና በአደባባይ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ገመድ እንዲያዝ ያዛል። የኦንታሪዮ የውሻ ባለቤቶች ተጠያቂነት ሕግ ደግሞ ጠንከር ይላል፦ ውሻ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ «ከዚህ በፊት ነክሳ አታውቅም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። ሌሊት እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሕጉ ሳይሆን፣ «እርስዎ ይሂዱ» የሚለው ቃል ነበር።

መጀመሪያ ያደረጉት ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገውን ነው። ስትጎትት መልሰው ጎተቱ፤ «ነውር ነው!» እያሉ ቀበቶዋን ነጠቅ ነጠቅ አደረጉ። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት ውሻን ስለ ማሠልጠን በ1910 ያሳተመው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ያስፋፋው ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስታጠፋ በገመድ ንጥቅ ማድረግ ነው። ቡቺ ግን ሳለች፣ አንገቷን አጠነከረች፣ የበለጠ ጎተተች። አብዛኛው እንስሳ ወደ አንድ ወገን ሲሳብ ወደ ሌላው ይገፋል። በግ በቀንዱ ጎትቶ ገበያ ያደረሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጋሼም በልጅነታቸው ያውቁት ነበር፣ ረስተውት እንጂ።

ነገሩን ያቃናችው ልጃቸው ናት፤ ከካልገሪ በስልክ ቪዲዮ እያየች። «አባዬ፣ ስትጎትት ትከተላታለህ?»

«ምን ላድርግ? ጉልበቷ!»

«እንግዲያው መጎተት ያስተማርካት አንተ ነህ።»

ይህ ለጋሼ ከባድ ቃል ነበር፤ ግን እውነት ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ በ1898 ድመቶችን በሳጥን ዘግቶ በሩን መክፈት እንዴት እንደሚማሩ ካጠና በኋላ የደረሰበት ነገር ቀላል ነው፦ ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል። ቡቺ ዛፍ ታያለች፣ ትጎትታለች፣ ጋሼ ይከተላሉ፣ ዛፉ ጋ ትደርሳለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ ዓመት፣ መጎተት ወደሚፈልጉት ቦታ እንደሚያደርስ ተምራለች። አንዳንዴ ከልክለው አንዳንዴ መከተላቸው ደግሞ ነገሩን አባሰው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ዋጋ ልማድን ያጸናል፤ የሎተሪ ቲኬት የሚገዛ ሰው ትናንት ስላልደረሰው ዛሬ መግዛቱን አያቆምም።

ሕጉ እንግዲህ አንድ ብቻ ሆነ። ገመዱ ሲወጠር ጋሼ ይቆማሉ። አይጎትቱም፣ አይቆጡም፤ ይቆማሉ። ገመዱ ሲላላ ይሄዳሉ። እግራቸው አጠገብ ስትሆን ጉርሻ ታገኛለች። ልጅቷ ቀበቶውን ከአንገት ወደ ደረት የሚታሰር አድርጋ ላከች፤ ገመዱ ፊት ለፊት ደረቷ ላይ ስለሚያያዝ ውሻዋ ስትጎትት ወደ ሰውየው ትዞራለች እንጂ አንገቷን አታንቅም።

የመጀመሪያው ቀን ከሕንጻው በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ፊንች ጎዳና ላይ የከተማ ባቡሩ ግንባታ ለዓመታት ቆይቷል፤ ባቡሩ ሥራ የጀመረው ዲሴምበር 7 ቀን 2025 ነው። በዚያ ሁሉ አጥርና ማሽን መካከል አንድ ሽማግሌ አምስት እርምጃ ሄደው እንደ ሐውልት ይቆማሉ፤ እንደገና ሦስት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ። የሚያውቋቸው ሁሉ ጠጋ እያሉ ጠየቁ። «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» «ልብዎ ነው? አምቡላንስ ልጥራ?» ጋሼ መልሱን አጠኑት፦ «ደኅና ነኝ፤ ትምህርት ላይ ነን።»

የጉርሻው ነገርም የራሱ ጣጣ ነበረው። በመጀመሪያ ቋንጣ ቆርሰው ሰጧት፤ እሷም ሰማይ የተከፈተላት መሰላት። ልጃቸው ይህን ስትሰማ ጮኸች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ በርበሬውና ጨውም አይበጅም። እንግዲያው የዶሮ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ። ይህ የሆነው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የማይነኩ ሰው በየማለዳው ተነሥተው ለውሻ ዶሮ ይቀቅላሉ፤ በጣታቸው ይተለትላሉ፤ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ኮት ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ እጃቸውን ሁለቴ ታጥበው ጸሎት ያደርሳሉ። ለነፍስ አባታቸው በስልክ ነገሯቸው። ካህኑ ሳቁና፣ «ጾሙ የእርስዎ እንጂ የእሷ አይደለም» አሏቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ባዶ መንገድ ላይ ገመዱ ላልቶ እንደ ቅርጫት እጀታ ወደ ታች ደጋን መሥራት ጀመረ። ሰው ሲመጣ ግን፣ በተለይ ልጅ ሲመጣ፣ ቡቺ እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ጋሼ ጥፋቱ የት እንደሆነ ለማወቅ ቀናት ወሰደባቸው። እጃቸው ነበር። ሰው ከሩቅ ሲያዩ «አሁን ታዋርደኛለች» ብለው ገመዱን በመዳፋቸው ይጠቀልሉታል፤ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ያ የስድሳ ዓመት ጭብጥ ይመጣል። ሁለት ሜትሩ ገመድ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ቡቺ ልጁን ከማየቷ በፊት ገመዱ አንድ የሚያስፈራ ነገር እየመጣ እንደሆነ ይነግራታል። የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ ይህን ይላል፦ የተወጠረ ገመድ ዜና ያደርሳል።

በጄን ኤንድ ፊንች መፈራት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የሰፈሩ ስም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ከወንጀል ጋር ሲነሣ ኖሯል። ለሥራ ማመልከቻ ላይ አድራሻውን ሲጽፍ የሚያመነታ አለ። ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ ሊፍት ሲገባ ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው የሚያስጠጉበት ወጣት አለ። አንዱ እንዲህ ያለ ወጣት ሎቢው ውስጥ የጋሼን ችግር ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ አሁን ገባዎት? እኔን በየቀኑ ነው የሚጠብቁት» ብሎ ቀለደ።

ጋሼ ቀልዱን አልወደዱትም። በኋላ ሲያስቡት ያልወደዱበት ምክንያት ገባቸው። ወጣቱ ማንም ላይ አልዘለለም፤ የሚፈሩት ሳያውቁት ነው። ያቺ እናት ግን የምትፈራው ያየችውን ነው። ያለ ምክንያት የሚፈራህን ሰው ፍርሃት ማራገፍ የአንተ ዕዳ አይደለም። በምክንያት የሚፈራህ ሰው ግን ባለ ዕዳ አድርጎሃል።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያለ ውሻ የእናትየውን በር አንኳኩ። ቡና ተፈላ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ባለፈው በመተላለፊያው ላይ ሳይሆን አሁን ቁጭ ብለው። ከዚያ የውሻዋን የክትባት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። በኦንታሪዮ ሦስት ወር የሞላት ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ በሕግ ግዴታዋ ነው። እናትየው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ቀኑን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። የአጎቷ ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሞቷል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ውኃ ሲያይ ሲንፈራገጥ በበር ቀዳዳ አይታዋለች። ያኔ የልጇን ዕድሜ ነበረች።

ጋሼ ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው መርፌ የተወጉበትን ሆዳቸውን በጣታቸው አሳዩ። ምልክት የለውም፤ ግን ቦታውን ያውቁታል። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ከየት ርቀት ብትሆን አይከፋሽም?» ሲሉ ጠየቁ።

ትምህርቱ ከዚያ በኋላ የሦስት ሰው ሆነ። ከፊንች ጎዳና በስተ ሰሜን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከሚያልፍበት ሰፊ ሣር ላይ፣ እናትና ልጅ በአንድ ጫፍ ይቆማሉ፤ ጋሼና ቡቺ በሌላው። ቡቺ ልጁን አይታ ሳትዘል ዶሮ ታገኛለች። ከዘለለች ርቀቱ በዝቷል ማለት ሳይሆን አንሷል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ልጁ ሥራ ተሰጠው፤ ገመዱ ሳይወጠር የሄዱትን እርምጃ ይቆጥራል። በአማርኛ መቁጠር የሚችለው እስከ ሃያ ነበር። በሰኔ ከመቶ አለፈ።

የጋሼ እጅም ተማረ። ገመዱን በአውራ ጣት ብቻ አንጠልጥሎ ሌላው ጣት ክፍት ሆኖ መሄድ ለቡቺ ከተማረችው ሁሉ ለእሳቸው ይከብድ ነበር።

በበጋው ልጃቸው ከካልገሪ መጣች። ውሻዋን እንደ ድሮዋ ልትወስድ ገመዱን ተቀበለች። ሦስቱም ወጡ። ሊፍቱ መሐል ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት እናትና ልጅ ነበሩ። እናትየው አንድ አፍታ አመነታች፤ ከዚያ ገብታ ጥጉን ይዛ ቆመች፤ ልጁን ግን አሁንም በግራዋ፣ ከውሻዋ ራቅ አድርጋ። ቡቺ ቁጭ አለች። ማንም ምንም አላለም። ጋሼ የወለሎቹን ቁጥር እያዩ ወረዱ።

ውጭ ሲወጡ ቡቺ ልጅቷን መጎተት ጀመረች። ውሻ የተማረውን ነገር የሚማረው ከሰውየውና ከቦታው ጋር ነው፤ ከጋሼ ጋር የተማረችው ከልጅቷ ጋር እንደገና መማር ነበረበት። ልጅቷ ክንዷ ተወጠረ፤ መልሳ ጎተተች።

«አትጎትቻት» አሉ ጋሼ።

«እየጎተተችኝ እኮ ነው አባዬ!»

«አውቃለሁ። ቁሚ ብቻ።»

ቆመች። ከጄንና ከፊንች መገናኛ ጥቂት ሜትር ወዲህ፣ የሚሄደው ሰው ሁሉ በሁለቱ በኩል እያለፋቸው፣ አባትና ልጅ ቆሙ። የእግረኛው መብራት በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ። ገመዱ እስኪላላ ድረስ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።