የወንዱ ድርሻ የት አለ?

የእርግዝና መከላከያ እንክብሉም፣ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ሉፑም የሚሰጠው ለሴት ነው። ለወንዱ ያለው ኮንዶምና የዘር ቱቦን ማስቋጠር ብቻ ነው። ለዚህ የሚቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው፤ የሴቷ እንቁላል በወር አንድ፣ የወንዱ ዘር ግን በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ ማስቆም ይከብዳል ይባላል። ይህ የሚያስኬደው ዘሩ እንዳይመረት ለሚያስብ ሰው ነው። የተመረተው ዘር እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ይህንን ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ለጥቂት ደቂቃ ያደርገዋል።

በወንድ ዘር ሕዋስ ገጽ ላይ ኤፒን የሚባል ፕሮቲን አለ። ፈሳሹ በሚወጣበት ጊዜ ከዘር ከረጢቶች የሚመነጨው ሴሜኖጀሊን መጥቶ ኤፒን ላይ ይጣበቃል። ፈሳሹ ይረጋል፣ ሕዋሱም እንደ ተለጎመ ፈረስ ባለበት ይቆያል። ከዚያ ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጨው ፒኤስኤ ሴሜኖጀሊኑን ይቆራርጠዋል። ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ በደም ውስጥ የሚለካው ይኸው ፒኤስኤ ነው። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ዘሩም ይለቀቃል። እንግዲህ ኤፒን ላይ ተጣብቆ ቶሎ የማይለቅ መድኃኒት ቢገኝ፣ ሆርሞን ሳይነካ እርግዝናን መከላከል ይቻላል ማለት ነው።

ነገሩ በግምት ብቻ አልቀረም። በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ማይክል ኦራንድና ባልደረቦቹ ወንድ ጦጣዎችን በኤፒን ከተቡ። በቂ ፀረ እንግዳ አካል ያመረቱት 7ቱም ማስረገዝ አቃታቸው፤ ክትባቱ ሲቆም 5ቱ ወደ ቀድሞ አቅማቸው ተመለሱ። የሁለቱ አለመመለስ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሰውነት አንዴ የለመደውን መከላከል እንደፈለጉ ማጥፋት አይቻልምና። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ ኤፒን ላይ የሚጣበቀው ኢፒ055 የተባለ ውሕድ ግን ክትባት አይደለም። በጦጣዎች ደም ሥር ተሰጥቶ በ30 ሰዓት ውስጥ የዘሩን እንቅስቃሴ አስቁሟል፤ በ18 ቀን ውስጥ እንቅስቃሴው ተመልሷል።

ጦጣ ሰው አይደለም የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ግን የሚያስገድደው ጥናቱን መቀጠልን እንጂ መተውን አይደለም። «ወንድ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል ብሎ ማን ያምናል?» የሚሉም አሉ። የወንዱ መድኃኒት ግን ለሴቷ ተጨማሪ አማራጭ ነው እንጂ የእሷን አይነጥቃትም። የመከላከያዎቹን የጎንዮሽ ጉዳት ለዓመታት ብቻዋን የተሸከመች ሴት፣ ባሏ ድርሻውን የሚወስድበት መንገድ ሊዘጋጅላት ይገባል። ይህንንም አጥብቀን መጠየቅ ያለብን እኛ ወንዶች ነን።