የእንቁጣጣሽ ወረቀት ስንት ያወጣል?

ጳጉሜን ሲገባ የለሚ ልጆች ሥራ ይበዛባቸዋል። ሴቶቹ ለአበባየሆሽ ከበሮ ያፈላልጋሉ፤ ወንዶቹ ወረቀት ያሳድዳሉ። ከአሮጌ ደብተር የተረፈ ንጹሕ ገጽ ተገንጥሎ ለአራት ይቀደዳል። ከለር ያለው በከለሩ ይሠራል፤ የሌለው እርድ ይበጠብጣል፣ ቅጠል ያሻል። አደይ፣ ፀሐይ፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ ይሣላል። ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ይጻፋል። ላጲስ በምላጭ ቀርጾ፣ ቀለም እየነከረ አበባ የሚያትምም አለ። መስከረም 1 ጠዋት ወረቀቱ በየቤቱ ይታደላል፤ ሳንቲምና ምርቃት ይዞ ይመለሳል።

አንድ የ11 ዓመት ልጅ ግን መንገዱን አሳጠረው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ አንድ ሥዕል በሠላሳ አባዛና ቀለም ቀባው። ጎረቤት ያሉት አሮጊት ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄን ማን ሣለው?»

«ማሽኑ ነው፣ እማማ።»

«እደግ ልጄ» ብለው ብር ሰጡት። ከዚያ ከሣጥናቸው ያምና ወረቀቱን አወጡ። ወፏ ሦስት እግር ነበራት። ልጁ አፈረ። እሳቸው ግን ያስቀመጡት እሷን ነው።

በልጁ መፍረድ አይገባም። ሒሳብ ሠርቷል። ሦስት ቀን ጎንበስ ብሎ ለሣለውም፣ ከማሽን ለወጣውም አዋቂው ሳያይ እኩል ከሰጠ፣ የሚደክመው ለምንድን ነው? ጥፋቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል የሚያደርገው ሰው ነው።

የለሚ ስም ዛሬ ከሲሚንቶ ጋር ነው የሚነሣው። መስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው ተብሏል። የሲሚንቶ ከረጢት አንዱ ካንዱ ባይለይ ደግ ነው፤ ግንበኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የልጅ ወረቀት ግን ዋጋው በመለየቱ ነው። ይቺ ወፍ ሦስት እግር ያላት የዚያ ልጅ ስለሆነች ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ደብተር ለሌለው፣ መምህር «ጎበዝ» ለማይለው ልጅ፣ በዓመት አንዴ እርሳስ ጨብጦ የሠራውን ሰው ፊት የሚያቀርብበት ቀን እንቁጣጣሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን የሚያየው ካጣ ሌላ ቀን የለውም።

ስለዚህ ዘንድሮ በሩ ሲንኳኳ ብሩ አይቅደም። መጀመሪያ ሥዕሉ ይታይ። «ማን ሣለው?» ተብሎ ይጠየቅ። «እኔ» ያለ ልጅ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍለት አይቶ ይሂድ።

መልካም አዲስ ዓመት!